ከወለል በታች ያለው ገመድ፦ ቮልስና ፍሪሲዮኗ

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወጡ ደጃፍ ላይ የጠበቀቻቸው ቮልስ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ስለዚያች ማለዳ ብዙ ተጽፏል። ሾፌሩ በግራ እግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ከወለሉ በታች ምን እንደተንቀሳቀሰ ግን የሚያነሳ ሰው ብዙም የለም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ከንጉሡ፣ ከደርግና ከኢሕአዴግ ያለፉ ቮልሶች ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ የሚታዩት በከፊል በዚያ ትንሽ ነገር ምክንያት ነው።

የቮልስ ሞተር ከኋላ፣ ፔዳሏ ከፊት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም የብረት ገመድ ነው፤ መካኒኮች ካቦ ይሉታል። ካቦው በፊት ወንበሮቹ መሃል ባለው የወለል ጉብታ ውስጥ፣ በተበየደ ቀጭን ቱቦ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ካምቢዮው አጠገብ ሲወጣ ጎበጥ ባለ ተጣጣፊ ሽፋን ውስጥ ይገባና ጫፉ ላይ በዳዶ ይታሰራል። በኋለኞቹ ሞዴሎች ዳዶው ክንፍ ስላለው ያለ መፍቻ በጣት ይዞራል።

ፈርዲናንድ ፖርሸ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መኪናዋን ሲነድፍ የናዚ መንግሥት የፈለገው ዋጋ ከ1,000 ራይሽማርክ በታች ነበር። ስለዚህ ፍሬኑም ፍሪሲዮኑም በገመድ የሚሠሩ ሆኑ። በ1950 ለውጭ ገበያ የሚመረተው ሞዴል የዘይት ፍሬን አገኘ፤ ርካሹም በ1962 ተከተለ። ፍሪሲዮኑ ግን ከገመድ አልተላቀቀም። ጁላይ 30 ቀን 2003 ፑዌብላ፣ ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ ቮልስ፣ 21,529,464ኛዋ፣ ከፋብሪካ ስትወጣም ፍሪሲዮኗ ያው ገመድ ነበር። ስስት ነው ቢባል ሐሰት አይደለም። ግን የዘይት ፍሪሲዮን ጎሚኒው ሲያልቅ ሌላ ጎሚኒ ከባሕር ማዶ መምጣት አለበት፤ የላላ ካቦን ለማጥበቅ መንገድ ዳር ተንበርክኮ ዳዶ ማዞር ይበቃል።

(ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ላሜራ፦ የጀርመን መኪና በጣሊያን ቃል በአማርኛ የሚጠገንባት አገር ናት።)

በዚህ ጥገና ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው ከካምቢዮው አጠገብ ያለው የሽፋኑ ጉብጠት ነው። ልኩ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ነው። ሽፋኑ ቀጥ ካለ መኪናዋ ስትነሳ ትንዘፈዘፋለች፤ ከመጠን በላይ ከጎበጠ ካቦው እየተፈተገ ይበጠሳል። ጉብጠቱ የሚስተካከለው በሽፋኑ ጫፍ ላይ ሮንዴላ በመጨመር ወይም በመቀነስ ነው። ሦስት ሮንዴላ የሚፈታውን ችግር ሸራ በመቀየር ለመፍታት የሚሞክር ጋራዥ አይጠፋም። የቮልስ ሞተር በአራት ብሎን ብቻ ስለሚያዝ ማውረዱ ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑ ደግሞ ያለ ምክንያት እንዲወርድ አድርጎታል። ሒሳቡን የሚከፍለው ባለ መኪናው ነው።

ከዚህ የከፋው ጉዳት አይታይም። ከብዙ ዓመት በኋላ በጉብታው ውስጥ ያለው ቱቦ ከብየዳው ይላቀቃል። ያኔ ፔዳሉ ሲረገጥ ካቦውን ተከትሎ ቱቦውም ወደ ፊት ይሸሻል፤ ኃይሉ ካምቢዮው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል። ዳዶው ይጠብቃል፣ አዲስ ካቦ ይገባል፣ ችግሩ ግን ከሳምንታት በኋላ ይመለሳል። ፋብሪካው ካቦው እንዲቀየር አድርጎ ሠርቷል፤ ቱቦውን ግን ላሜራ ውስጥ ዘግቶበታል። መኪናዋ ሃምሳ ዓመት ትሠራለች ብሎ ያሰበ ያለ አይመስልም።

መፍትሔው ጉብታውን ከላይ እንደ መስኮት ቆርጦ መክፈት፣ ቱቦውን በወፍራም ብረት ደግፎ መልሶ መበየድ፣ ከዚያም ላሜራውን መዝጋት ነው። የቤንዚን ታንከሯ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ የቤንዚኑ ቱቦም በዚያው ጉብታ ውስጥ ያልፋል። መቁረጫውን የያዘ ሰው ይህን ካላወቀ የሚቃጠለው መኪናው ብቻ አይሆንም። ቱቦው ከተጠናከረ በኋላ ፊት ለፊት ካቦው የሚንጠለጠልበት የፔዳሉ መንጠቆ ይታያል። ተበልቶ ከሆነ በብየዳ ይሞላና በሞረድ ይስተካከላል። ካቦውን ራሱን በወፍራም ገመድ መተካት ግን ስሕተት ነው። አንድ ነገር መበጠሱ ካልቀረ፣ የሚበጠሰው በርካሽ የሚገዛውና በቀላሉ የሚቀየረው መሆን አለበት።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በምትካቸው የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ግራ ፔዳል የላቸውም። ውሳኔው ለውጭ ምንዛሪው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ያሉትን አሮጌ መኪኖች ግን ከመንገድ አላወጣቸውም። ይልቁንም ባለቤቶቻቸው አጥብቀው እንዲይዟቸው ያደርጋል። ጉብታውን የት ጋ መቁረጥ እንደሚገባ የሚያውቁት መካኒኮች እያረጁ ነው፤ አሁን ጋራዥ የሚገባው ተለማማጅ ደግሞ ስለ ባትሪ መማር ቢመርጥ የሚፈርድበት የለም። ቮልሷ ግን ነገም ማርሿ እየጮኸ ትመጣለች።