የታተመ ምስልና የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ

በማተሚያ የተባዛ ምስል በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሰዓልያን ሥራ ላይ በጉልህ ያረፈው ሁለት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ በመጡ መጻሕፍት ሥዕሎች፣ ሁለተኛው ደግሞ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በርካሽ በተሠራጩ ባለቀለም የወረቀት ሥዕሎች አማካይነት ነበር። ሁለቱም የባሕር ማዶ ሥራዎች ሆነው ሳለ የመጀመሪያው የሰዓሊውን እጅ ሲያበለጽግ ሁለተኛው ግን ሥራውን ነጥቆታል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ሲመረመር፣ ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚፈጥራቸው ሥዕሎች ዙሪያ የተነሣውን ክርክር በሌላ ጎን ለማየት ያስችላል።

የጥንቱ ሰዓሊ በአብዛኛው መነኩሴ፣ ካህን ወይም ደብተራ ሲሆን፣ ሙያውን ከመምህሩ የሚማረውም ቀደም ያሉ ሥዕሎችን እያየ በመቅዳት ነበር። መቅዳት በዚህ ትውፊት የችሎታ ማነስ ምልክት አልነበረም፤ እንዲያውም ሰዓሊው ከአባቶች የተቀበለውን መልክ ሳያጓድል ማስተላለፉ የሥራው ክብር ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ስሙንም የሚጽፈው ከስንት አንዴ ነው፤ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የሠራው ፍሬ ጽዮን በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣውም በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ከሚገኘው ሥዕል ጋር ስሙ ተጽፎ በመገኘቱ ነው። ከሰዓሊው ይልቅ የሚታወሰው ሥዕሉን ያሠራው ምእመን ነበር። በደቅ ደሴት በሚገኘው ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው መሣላቸው የዚህ ልማድ ዝነኛ ምሳሌ ሲሆን፣ የሥዕል ዋጋ ከአዲስነቱ ሳይሆን ከስለቱና ከጸሎቱ ይመነጭ እንደነበር ያመለክታል።

የመጀመሪያው የኅትመት ተጽዕኖ ያረፈው በዚህ ሥርዓት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 በሮም የሚገኘው የሜዲቺ ማተሚያ ቤት በዐረብኛ ያሳተመው ወንጌል፣ ጣሊያናዊው ሰዓሊ አንቶኒዮ ቴምፔስታ በነደፋቸው የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች፣ ማለትም በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ተቀርጸውና ቀለም ተቀብተው በወረቀት ላይ በተጫኑ ምስሎች ያጌጠ ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ከተጻፉት የብራና ወንጌሎች አንዳንዶቹ ሥዕሎቻቸውን ያዋቀሩት ይህን መጽሐፍ ተከትለው መሆኑ በማነጻጸር ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ኅትመቱ ጥቁርና ነጭ ስለነበረ ቀለሙን ሁሉ ማምጣት የሰዓሊው ፋንታ ነበር፤ የጣሊያኑን የርቀት አሣሣል ትቶ ከበስተኋላ ያለውን ሜዳና ሕንፃ ወደ ጠፍጣፋ የቀለም መደብ የለወጠውም፣ ጻድቃንን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ክፉዎችን በአንድ ዓይን በጎን የመሣሉን የአገሩን ሥርዓት በመጣው ድርሰት ላይ የጫነውም እርሱ ነው። ኅትመቱ የሰጠው የታሪኩን አደራደር ብቻ ሲሆን የቀረው ሁሉ ለእጅ ተርፎ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው የምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ማለትም እመቤታችን ከልጇ ጋር የምትታይበት ሥዕል ታሪክ ነው። በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን ጥንታዊ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1569 ለመቅዳት ፈቃድ ያገኙት ኢየሱሳውያን፣ የካቶሊክ ማኅበር ሚስዮናውያን፣ ቅጂዎቹን በየተሰማሩበት አገር አሠራጭተዋል። አፄ ፋሲለደስ ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ፤ ልጇን አቅፋ እጆቿን ያነባበረችው እመቤት ግን ቀርታ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስትቀዳ ጎንደሬ መልክ እስክትይዝ ድረስ ተለወጠች። የካቶሊክን ሃይማኖት አጥብቀው የተቃወሙ ካህናት ሥዕሉን እንደ ራሳቸው መቀበላቸው የሰዓልያኑ እጅ ምን ያህል የራሱ ኃይል እንደነበረው ያሳያል።

ሁለተኛው ተጽዕኖ ይህን ኃይል የሚያስፈልገው አልነበረም። ለእያንዳንዱ ቀለም የተለየ ድንጋይ እየተዘጋጀ ምስሉ ደጋግሞ የሚታተምበት፣ ክሮሞሊቶግራፊ የተባለው ዘዴ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ከተስፋፋ በኋላ፣ ቀለሙ የተሟላ፣ መጠኑ የተወሰነ፣ ለመስቀል ብቻ የቀረ ሥዕል በገበያ ተገኘ። ይህና ተከትለውት የመጡት የኅትመት ዓይነቶች በብዙ አጥቢያዎች ለሰዓሊ ይሰጥ የነበረውን ቦታ ያዙ። ስለት ያለበት ምእመን ሥዕል ገዝቶ ማስገባት ቻለ፤ ነገር ግን በታተመው ሥዕል ግርጌ እንደ እቴጌ ምንትዋብ ተደፍቶ መሣል አይችልም፤ በዚህም የጠፋው የሰዓሊው ገቢ ብቻ አልነበረም። እርግጥ ነው፣ ዛሬም ግድግዳቸውን በሰዓሊ እጅ የሚያሠሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ።

በዚሁ ዘመን አንዳንድ ሰዓልያን ወደ ሌላ ገበያ ዞረው የዐድዋን ጦርነትና የንግሥተ ሳባን ታሪክ ለውጭ አገር ሰዎች እየሣሉ ይሸጡ ጀመር፤ ሥዕል ላይ መፈረምም እየተለመደ የሄደው በዚህ ገበያ ነው። በ1950 ዓ.ም. አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ ያቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ደግሞ የሰዓሊን የግል አስተያየትና ስም የሥዕል ዋጋ መለኪያ ያደረገውን አዲስ አመለካከት አጸና። ዛሬ በማሽን ፊት አደጋ ላይ የወደቀው የሥዕል ዋጋ እንግዲህ በኢትዮጵያ ከአንድ መቶ ዓመት እምብዛም የማይበልጥ ዕድሜ ያለው ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሁለቱም ኅትመቶች የሚለይበት ባሕርይ አለው። ክሮሞሊቶግራፊ የኢትዮጵያን ሰዓሊ ሥራ ቢያስቀርም ሥራውን አልተጠቀመበትም፤ ምስል የሚፈጥረው ማሽን ግን ሰዎች ከሠሯቸው ሥዕሎች ካልተማረ ምንም መሥራት አይችልም። ለዚህ ተግባር በ2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ላይዮን-5ቢ የተባለ ክምችት 5.85 ቢሊዮን ያህል የምስልና የመግለጫ ጥንዶችን የያዘ ነበር። በጎንደር ዘመን ሰዓሊው ከማተሚያው ይቀዳ ነበር፤ አሁን ማሽኑ ከሰዓሊው ይቀዳል፤ አደራደሩንም፣ ቀለሙንም፣ ስልቱንም አንድ ላይ ስለሚያቀርብ ለእጅ የሚያስቀረው እጅግ ጥቂት ነው። መቅዳት ነውር ያልነበረበትን ትውፊት ጠቅሶ ለማሽኑ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ትውፊት ቀጂው ራሱ ሰዓሊ እንዲሆንና ለቀጣዩ ደቀ መዝሙር የሚያስተምር እንዲሆን ያስገድድ ስለነበር ክርክሩ ብዙ አያራምድም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የሥራ አመንጪውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት የሚጠብቅ ሲሆን፣ ስማቸውን ያልጻፉት የጎንደር ሰዓልያን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ናቸው። በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሦስት ሰዓልያን በጥር ወር 2023 እ.ኤ.አ. በምስል ፈጣሪ ኩባንያዎች ላይ ክስ መሥርተዋል፤ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማሽን ብቻውን የሠራው ሥዕል የቅጂ መብት ሊመዘገብለት እንደማይችል ወስኗል። ይህ ውሳኔ ግን ማሽኑ ከማን እንደተማረ አይናገርም፤ ኩባንያዎች የማሠልጠኛ ክምችታቸውን ዝርዝር የማይገልጹ እስከሆኑ ድረስም፣ ስሙን በግድግዳው ላይ የጻፈው የዛሬው የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ሥራው በዚያ ውስጥ መግባት አለመግባቱን የሚያረጋግጥበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው።