የመንገደኛ ዋስ

እኔ በመካነ ሰላም ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ስጽፍ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እዚህ ደጅ የታሰረም፣ የተበደረም፣ የተቀጠረም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዋስ አለህ?» ተብሎ ነው። የመንገደኞችን ታሪክ ሳነብም ይኸው የሥራ ልማዴ አይለቀኝም። በሰው አገር ሲጓዝ ኖሮ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው ታሪክ ሲያጋጥመኝ ማን ዋስ እንደሆነው እፈልጋለሁ።

በቦረናም ሆነ በሳይንት፣ በለገአምቦም ሆነ በከላላ የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ይላል። ቤቱ የእስላም ይሁን የክርስቲያን አይመርጥም። «ቤት ለእንግዳ» ከተባለለት እስኪነጋ ድረስ የባለቤቱ አደራ ነው። ይህን የወሎ ደግነት ብቻ አድርገው የሚያወሩ አሉ። ደግነቱን አልክድም፤ ከጀርባው ግን አፈርሳታ ነበር፤ አውጫጭኝ የሚሉትም አሉ። በአንድ አገር ወሰን ውስጥ ሰው ተገድሎ ወይም ተዘርፎ ወንጀለኛው ካልታወቀ፣ ነዋሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ «እገሌ ነው» እስኪባል ሥራ ፈትቶ ይቀመጥ ነበር፤ ካልተገኘም ዕዳውን በጋራ ይከፍል ነበር። እንዲህ ያለ ሥርዓት ባለበት አገር፣ የማያውቁትን ሰው በጨለማ ወደ ዓባይ በረሃ ከማሰናበት እራት አብልቶ ማሳደር ይሻላል። ሲራራ ነጋዴም ብቻውን ቆላ አይወርድም ነበር፤ ጓደኛ እስኪሞላ ይጠብቅ ነበር።

በነገሥታቱ ዘመን ፈረንጅ ሲመጣ ግን የገበሬ ቤት ዋስትና አይበቃውም፤ ዋሱ ንጉሡ ናቸው። ባልደረባ ይሾሙለታል፣ ድርጎ ይቆርጡለታል። ባልደረባው ከንጉሡ ፊት ያቀርበዋል፣ ጉዳዩን ያስፈጽምለታል፣ ያስጠብቀዋል። ድርጎው በግ፣ እንጀራ፣ ጠጅ ነው፤ ከማን ጎተራና በረት እንደሚወጣ የሚያውቀው ገበሬው ነው። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የእኛን ቤተ አማራ አቋርጦ፣ መካነ ሥላሴን ግራኝ ሳያቃጥላት አይቶ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ በደኅና ወጥቷል። ጓዛቸውን ከመንደር መንደር የተሸከመላቸው የየአገሩ ሰው ነው።

ይኸው ቄስ በንጉሡ ከተማ ከእሱ በፊት የመጣ ያገሩን ሰው አገኘ፤ ፔሮ ዳ ኮቪልያን። ጉልት ተሰጥቶታል፣ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ተከብሮ ይኖራል። የመሄጃ ፈቃድ ብቻ ተከለከለ፤ እዚሁ እንደኖረ ሞተ።

የዚህ ዋስትና ሌላው ፊቱ በደንብ የታየው በጎረቤታችን በመቅደላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ። በዓመቱ ሚስዮናዊው ስተርን፣ በታኅሣሥ 1856 ደግሞ የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰሩ። እነሱን ለማስፈታት የተላከው የሞሱል ተወላጁ ሆርሙዝድ ራሳም ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ቆየ። ጥር 1858 ንጉሡ ዘንድ ሲደርስ አቀባበሉ የወዳጅ ነበር፤ ሳሙኤል የሚባል ባልደረባ ተሰጠው፣ እስረኞቹም ተፈቱለት። ሚያዝያ ላይ ሊሰናበቱ ሲነሡ ግን ሁሉም ተያዙ። ሐምሌ ላይ ራሳምና ሐኪሙ ብላንክ መቅደላ ወጥተው እግራቸው ሰንሰለት ገባ። በእስሩም ጊዜ ባልደረባው ያው ሳሙኤል ነው።

ራሳም ብልህ ሰው ነበር። ከዘበኞቹ አልተጣላም፤ ለሹማምንቱ ስጦታ ሰጠ፣ ሰንሰለት እግሩ ላይ እያለ ጓሮው ውስጥ አትክልት ተከለ፣ ለንጉሡ በትሕትና መጻፉን አላቋረጠም። ከምጽዋ ገንዘብና ደብዳቤ የሚያመላልሱለት ግን ያገራችን ሰዎች ናቸው። ወረቀቱን ልብሳቸው ውስጥ ሰፍተው ሽፍታና ኬላ ያልፉ ነበር። የእንግሊዙ የናፒየር ጦር በ1860 መቅደላ ድረስ መጥቶ እስረኞቹን እንዳስፈታ ሁሉም ይጽፋል፤ ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ሠዉ። እኔ ግን 21 ወር ገደማ እስረኞቹን በሕይወት ያቆዩአቸው እነዚያ እግረኞች ናቸው ባይ ነኝ። ዋስህ ራሱ አሳሪህ ሲሆን፣ ያለህበትን የሚያውቅና ድምፅህን ወደ ውጭ የሚያወጣ ሌላ ሰው ያስፈልግሃል።

ዛሬ መንገደኞቹ የእኛ ልጆች ናቸው። የቦረናና የከላላ ልጃገረዶች ሳዑዲ ይሄዳሉ፤ እናቶቻቸው ማመልከቻ ሊያስጽፉ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። እዚያ የልጅቷ ባልደረባ «ከፊል» የሚሉት አሠሪዋ ነው፤ ያስገባታል፣ ያኖራታል፣ ፓስፖርቷንም ቆልፎ የሚይዝ ብዙ ነው። ሳዑዲ በ2013 ዓ.ም. ይህን የከፊል ሕግ ለሌሎች ሠራተኞች ስታላላ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያው ተባርረው ሲመለሱ ቤሳ ቤስቲን ያልያዙ ነበሩባቸው። በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል በደላላ ጀልባ የሚሻገሩትማ ዋስ የሚባል ነገር የላቸውም፤ ለባሕር አፈርሳታ አይቀመጥለትም።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲዎች በባንክ ዝግ ሒሳብ የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዙ አዝዟል። ለእኔ ይህ የድሮው ዋስ በወረቀት መምጣቱ ነው፤ ጠያቂ ካላገኘ ግን ከባንክ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ልጅ የምትልኩ ሁሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የኤጀንሲውን ፈቃድ ከሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት አጣሩ። የውሉን አንድ ቅጂ ቤት አስቀሩ። የፓስፖርቷን ቁጥር፣ የአሠሪውን ስም፣ የከተማውን ስም ጽፋችሁ ያዙ። ባዶ እጃችሁን መጥታችሁ «ልጄ ጠፋች» ብትሉኝ፣ ማመልከቻው ላይ ተጠሪ ብዬ የምጽፈው ስም አይኖረኝም።