የዳንግላ ከተማችን አሠፋፈርና የቤቶቿ አሠራር

የዕድራችን አባላት ሆይ፤

ስለ ከተማችን ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጦርነትና ሹመት ነው። እኛ ግን በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ ቤትና ስለ ውኃ ጥቂት እንበል።

ዳንግላ ያለችው ውኃ በሚለያይበት አገር ነው። የወረዳው ውኃ ከፊሉ ወደ ግልገል ዓባይ ወርዶ ጣና ይገባል፤ ከፊሉም ወደ በለስ ይሄዳል። ኋላ ሁለቱም ዓባይ ላይ ይገናኛሉ። ዝናቡ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይጥላል። ይህ የዓባይ ነገር የውጭ መንግሥትንም ስቧል። የእንግሊዙ ቆንስል ሜጀር ቺስማን ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. መቀመጫውን ዳንግላ አድርጎ የጣናንና የዓባይን ዳር እየዞረ ካርታ አንሥቷል። በጠላት ጊዜም ጣሊያን ጦር አስፍሮባት ነበር፤ በየካቲት 1933 ዓ.ም. ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሸሸ።

አባቶቻችን ይህን ውኃ ያውቁት ነበር። ስለዚህ ጨፌውን ለከብት ትተው ቤታቸውን ከፍ ካለው ደረቅ መሬት ላይ ሠሩ። ቤቱ ክብ ነው፤ መካከሉ ምሰሶ፣ ዙሪያው ቋሚና ማገር፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር። ክዳኑ ሾጠጥ ስለሚል ዝናቡ አይተኛበትም፤ ጫፉም ወጣ ስለሚል ግድግዳው አይርስም። በባንጃና በእንጅባራ በኩል ቀርከሃ ስላለ አጥሩም ጣራውም ከእርሱ ይሠራል። ምሰሶ ማቆም የአንድ ሰው ሥራ አይደለምና ጎረቤት በደቦ ይወጣ ነበር።

ቆርቆሮ ሲመጣ ቤቱ አራት ማዕዘን ሆነ፤ መንገዱን ተከትሎም ተሰለፈ። ቆርቆሮ በየጊዜው ሣር ከመቀየር አሳርፎናል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ውኃውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ደጅ ላይ ያፈሰዋል እኮ! ግቢው በቤት ሲሞላ፣ ቦዩም ሲደፈን፣ ውኃው መሄጃ አጥቶ ጎረቤት ይገባል። አሁን ደግሞ ቤቱ ወደ ጨፌው እየወረደ ነው። ከዚህ የተነሣ በሐምሌ ኀዘን ሲደርስ ድንኳን የምንተክልበት ደረቅ ደጅ እናጣለን፤ አስከሬን ተሸክመን የምንወጣበት መተላለፊያም ጠቦብናል።

ታዲያ ቤት የምትሠሩ ሁሉ፣ ቦዩ አይደፈን፤ ጨፌው ለከብት ይተው፤ ቢያንስ አንድ ድንኳን የሚይዝ ደጅ ይቅር። ጎጆው ባይመለስም የአባቶቻችን የቦታ አመራረጥ ዛሬም ይሠራል።

ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።