ሰንጠረዥ ከጦር ሜዳ እስከ ጨረታ

የሁለት ተፎካካሪ ድርጅቶችን ስሌት የሚያስተምር መምህር ሰሌዳው ላይ ሳጥኖች ያሰምራል፤ ወደ ታች የአንዱ ምርጫ፣ ወደ ጎን የሌላው፣ በየሳጥኑ የሁለቱ ትርፍና ኪሳራ። ስሙ ሰንጠረዥ ነው። የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ ከዚህ የተሻለ ስም አያገኝም፤ ቃሉ ራሱ የቼዝ ጨዋታ ስም ነበርና።

ሳንስክሪት «ቻቱራንጋ» ይለዋል፦ «ቻቱር» አራት፣ «አንጋ» የአካል ክፍል። አራቱ ክፍሎች ዝሆን፣ ሠረገላ፣ ፈረሰኛና እግረኛ ናቸው፤ ማለትም ጦር። ፋርስ «ቻትራንግ» አለው፤ «ቸ» የሌለው ዐረብ «ሸጥረንጅ»። አማርኛ ሲደርስ «ን» ከኋላ ወደ ፊት ዘለለችና «ሰንጠረዥ» ሆነ። ቆይቶ መስመር የተሰመረበት ሁሉ በዚሁ ስም ተጠራ።

የኢትዮጵያ መኳንንት ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ አጀማመሩ «ወረራ» ይባል ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ተራ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም እኩል ያንቀሳቅሱ ነበር። ወረራ ዐይን ለዐይን ነበር፤ ያኛው ሲያሰልፍ እያዩ አሰላለፍን መለወጥ ይቻል ነበር። የጨረታ የታሸገ ፖስታ ግን ይህን ይከለክላል። በ2013 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሁለት የቴሌኮም ፈቃዶች ለጨረታ ሲቀርቡ በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር፣ ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡ። ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

«ጨረታ» ከ«ተጫረተ» ነው፤ «ጨዋታ» ከ«ተጫወተ»። ባዶውን «ጨረተ»፣ «ጨወተ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። ሰዋስዋችን ያለ ባላጋራ አያጫርትም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በመምህሩ ሳጥኖች ውስጥ ያሉት ቃላት የተለያየ አገር ሰዎች ናቸው። «ትርፍ» የግእዙ «ተረፈ» ልጅ ነው፦ ሁሉም ተከፍሎ የቀረው። «ኪሳራ» ግን የዐረብ ነጋዴ «ኸሳራ» ነው።

የሒሳብ ሊቁ ጆን ናሽ በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳየው፣ ማንም ብቻውን ምርጫውን ቢለውጥ የማይጠቀምበት ሁኔታ፣ በእኛ «የናሽ ሚዛን» ይባላል። ዐረብኛ ከ«ወዘነ» «ሚዛን»ን አወጣ፤ «ሚ» የመሣሪያ ስም ማውጫ ባዕድ ናት። ግእዝ ዕቃውን ከነስሙ ተቀበለና ከስሙ ግሥ አረባ፦ «መዘነ»። «ወ» በመንገድ ቀረች፤ ባዕዷ «መ» ሥር ሆና ተመዘነ፣ አመዛዘነ፣ ተመዛዛኝ እያለች ትረባለች።