ምዕራብ ያልደረሰው ሐዲድ

በነቀምቴ «ባቡር» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን የእህል ወፍጮ ነው። በሐዲድ ላይ የሚሄደው ባቡር በወለጋ ምድር አንድም ቀን ጮኾ አያውቅም።

ይሁን እንጂ ውሉ ሌላ ይል ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ሐዲዱን ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም እስከ ከፋና ነጭ ዓባይ የሚያዘልቅ ነበር። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ በዚያም ቆመ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ባደረጉት ስምምነት ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው የሐዲድ ሥራ ለእንግሊዝ ተመድቦ ነበር። እንግሊዝም አልሠራችው።

እንግሊዝ በ1894 ዓ.ም. ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ አግኝታ ነበርና፣ የወለጋ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ጀመር። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ መርከቦች ወደ ካርቱም ያጓጉዙታል፤ ወንዙ ሲጎድል ጉዞው ይቋረጣል። የደምቢ ዶሎ ነጋዴ የባቡር ሰዓት ሳይሆን የዝናብ ወራት ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመርም የምዕራብ ጫፉ ሰበታ ነው።

አንባቢ ሆይ! የባንክ ሠራተኛ ነኝና ቀኑ ያለፈበት ውል አያስደንቀኝም። ከ130 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ውል ግን ያሳዝናል። እኛ ዛሬም ወዳጅ የምንሸኘው ከአውቶቡስ መናኸሪያ ነው።