በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ያለው ዕድሜ

በቤልጅየም፣ ከሞንስ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሴንት ሲምፎሪየን የሚባል የወታደሮች መካነ መቃብር አለ። ከድንጋዮቹ በአንዱ ላይ የእንግሊዛዊው ተራ ወታደር የጆን ፓር ስም ተቀርጿል፤ ዕድሜውም 20 ይላል። ይህ ልጅ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጠላት እጅ የወደቀ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ወታደር እንደ ሆነ ይታመናል። ዕድሜው ግን 20 አልነበረም። ሲሞት 17 ዓመቱ ነበር።

ጆን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1897 በለንደን ሰሜናዊ ክፍል፣ በፊንችሊ ነው። አባቱ ወተት አከፋፋይ ነበር። ከአሥራ አንድ ልጆች የመጨረሻው ሲሆን፣ ከታላላቆቹ ብዙዎቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ሞተዋል። ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በሥጋ ቤት ረዳት ሆኖ ሠራ፤ ቀጥሎም ጎልፍ ለሚጫወቱ ሰዎች ዱላ ተሸካሚ ሆነ።

በ1912 በእግረኛ ጦር ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ አገሩ በአውሮፓ ጦርነት ላይ አልነበረችም። የብዙ ድሃ ቤተ ሰብ ልጆች ወደ ጦር ሰፈር የሚሄዱት በቀን ሁለት ጊዜ ለመብላትና ዓለምን ለማየት ነበር። ለመቀጠር 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ጆንም «18 ዓመት ከአንድ ወር» ብሎ ተመዘገበ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ያህል ነበር። ሠራዊቱ ሰው ይፈልግ ነበር፤ ልጁም እንጀራ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ማንም አጥብቆ አልጠየቀም።

በነሐሴ 1914 ጦርነቱ ሲጀመር፣ የጆን ክፍል የሚድልሴክስ 4ኛ ሻለቃ ባሕር ተሻግሮ ፈረንሳይ ገባ። የእርሱ ሥራ በብስክሌት ቀድሞ እየሄደ ጠላት ያለበትን ማጥናትና ፈጥኖ ለአዛዡ ማስታወቅ ነበር። ኦገስት 21 ቀን ከአንድ ጓደኛው ጋር በሞንስ አቅራቢያ ወዳለችው ወደ ኦቡር መንደር ተላከ። በዚያ ከጀርመን ፈረሰኞች ጋር እንደ ተገናኙ፣ ጓደኛው ወሬውን ይዞ ሲመለስ ጆን ወደ ኋላ ቀርቶ እየተኮሰ እንደ ተከላከለ ይታመናል። እዚያው ወደቀ።

ከሁለት ቀን በኋላ የሞንስ ጦርነት ተደረገ፤ የእንግሊዝ ጦርም አፈገፈገ። የጆን አስከሬን በኋላ ቀረ። እናቱ ልጅዋ የት እንዳለ ለመጠየቅ ወደ ክፍሉ ጻፈች። ክፍሉ ሊነግራት የሚችለው ነገር አልነበረውም። ሲመዘገብ ዕድሜውን ያላጣራ ሠራዊት፣ ሲሞትም ያለበትን አላወቀም።

ያን መካነ መቃብር የጀመሩት ጀርመኖች ናቸው። የራሳቸውንና የእንግሊዞችን ሙታን በአንድ ስፍራ ቀበሩ። ዛሬ ከጆን መቃብር ፊት ለፊት የጆርጅ ኤሊሰን መቃብር ይገኛል። ኤሊሰን የቀድሞ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ፣ ባለ ትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነበር። በጦርነቱ የመጨረሻ ቀን፣ ኖቬምበር 11 ቀን 1918፣ ተኩስ ሊቆም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲቀረው ተገደለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መቃብር ጥቂት እርምጃ ነው። በሁለቱ ሞት መካከል ከእንግሊዝና ከግዛቶችዋ ብቻ አንድ ሚሊዮን ያህል ወታደሮች አልቀዋል።

ወጣቶች ሆይ፣ አንድ ሚሊዮን የሚለውን ቁጥር በዓይነ ኅሊና ማየት ያስቸግራል። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ በመዘምራን መካከል ይቆማል፤ በወጣቶች ፕሮግራም ላይ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። ጆንን ጀግና ብለን ብቻ ብናልፈው ግማሹን ታሪክ እንተዋለን። ጓደኛው እንዲያመልጥ መቅረቱ፣ እንደሚታመነው ከሆነ፣ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን የተራበ ልጅ «አድጌአለሁ» ሲል፣ ትልልቆቹ ስለሚጠቅማቸው አምነው ተቀበሉት። እንዲህ ያለውን ልጅ «ዕድሜህ በእውነት ስንት ነው? ለምንስ መሄድ ፈለግህ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ያስፈልገዋል። በመካከላችሁ ያ ጠያቂ ማን ነው?