ጥቅጥቅ ፖሊኢትሊን፤ ስለ ጀሪካን ባሕርይ

ውሃ የሚቀዳበት ቢጫው ጀሪካን፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሸው ስስ ፌስታልና የሃይላንድ ጠርሙስ በአንድነት ፕላስቲክ ይባሉ እንጂ የፊተኞቹ ሁለቱ ዘመዳሞች ሲሆኑ ሦስተኛው ባዕድ ነው፤ ከጀሪካንና ከሃይላንድ ትንሽ ትንሽ ቆርጦ ውሃ ውስጥ የሚያጠልቅ ሰው የጀሪካኑ ቁራጭ ሲንሳፈፍ የሃይላንዱ ሲሰጥም ያያልና። ይህን ተንሳፋፊ ሊቃውንተ ኬሚስትሪ ሃይ ዴንሲቲ ፖሊኢትሊን ይሉታል፤ በአማርኛ ጥቅጥቅ ፖሊኢትሊን ቢባል ይስማማዋል።

ከውሃ የቀለለውን ነገር ጥቅጥቅ ማለት ግን ግራ ሳያጋባ አይቀርም። በእርግጥም የአንድ ሳንቲ ሜትር ኩብ ክብደቱ ከ0.94 እስከ 0.97 ግራም ብቻ ነው፤ ስሙ የተሰጠው ከታላቅ ወንድሙ፣ ከለስላሳው ፖሊኢትሊን ጋር በማነጻጸር ነው። ያ ለስላሳው በ1933 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር፣ ኢትሊን የተባለው ጋዝ በብርቱ ግፊት ሲጨመቅ ሳይታሰብ የተገኘ ሲሆን፣ ሰንሰለት መሳይ ሞለኪውሎቹ ቅርንጫፍ የበዛባቸው ናቸው፤ የግራር ጭራሮ ሲከመር በመካከሉ ክፍተት እንደሚተው፣ የተላጠ ሸንበቆ ግን ገጥሞ እንደሚታሰር፣ የሰንሰለቶቹም ነገር እንዲሁ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ካርል ዚግለር በሙልሃይም ከተማ፣ ከአሉሚኒየምና ከቲታኒየም ውሁዶች ባዘጋጀው አነቃቂ አማካይነት፣ ያለ ብርቱ ግፊት ቅርንጫፍ አልባውን ሰንሰለት አስገኘ፤ ስለዚህም ሥራ በ1963 ከኢጣሊያዊው ጁሊዮ ናታ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ጀሪካን የሚለው ስም ግን ከጥቅጥቁ ፖሊኢትሊን ይቀድማል፤ እንግሊዞች ጀርመኖችን በሚጠሩበት ቅጽል የጀርመንን ጦር የብረት ነዳጅ መያዣ ሰይመውበት ነበር።

ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው በመደርደራቸው ጀሪካን ሲወድቅ አይሰበርም፤ ሳሙናም ሆነ በረኪና አይበላውም። ገላው ሰም መሳይ ስለ ሆነ ሙጫና ቀለም አይዙትም፤ የተሰነጠቀውን የሚጠግኑትም በጋለ ብረት አቅልጠው እንጂ አጣብቀው አይደለም። በ130 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ ከዚያም በፊት ይልማልና የፈላ ውሃ ቅርጹን ያጣምመዋል። የፀሐይ ብርሃንም ሰንሰለቱን እየበጣጠሰ ያደርቀዋል፤ የውሃ መስመር ቱቦ የሚጠቁረው ከዚህ እንዲጠብቀው ጥላሸት ስለሚቀላቀልበት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነው። ውሃን እምብዛም የማያሳልፈው ይኸው ገላ፣ ላምባንና የተባይ መድኃኒትን የመሳሰሉትን ቅባት ነክ ፈሳሾች ቀስ በቀስ ይመጥጣቸዋል፤ ኋላም ለተሞላበት ውሃ ጥቂት በጥቂት ይመልሳቸዋል። የጀሪካኑ ጥንካሬ እዚህ ላይ ጠላት ይሆናል፤ ቶሎ ቢሰበር ኖሮ ማንም አያተርፈውም ነበርና። ስለዚህ የተባይ መድኃኒት የነበረበት ጀሪካን ባዶ ሲሆን፣ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው ወደ መርጫው ይገለበጣል፤ ጀሪካኑም ዳግመኛ ውሃ እንዳይቀዳበት ሆዱ ይበሳል።